«ሁለታችሁም አጥፍታችኋል» ሲባል ካሳው የት ይገባል?

[የመክፈቻ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ እያለ ይወርዳል]

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምትገኙ፣ ከሥራ ወጥታችሁ መንገድ ላይ ያላችሁ፣ ቤታችሁ ሆናችሁ ቡና እያፈላችሁ የምትሰሙን ሁሉ፣ ስለ ሕግና ስለ ኑሮ በየሳምንቱ የምንጨዋወትበት ሰዓት ደርሷል።

ዛሬ የምናነሳው የመኪና አደጋን ነው። ይበልጡን የምናወራው ከአደጋው በኋላ ስለሚመጣው ካሳ ይሆናል። ጥያቄያችን አንድ ነው፦ ጥፋቱ የአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን የሁለት ሰው ሲሆን፣ የተጎዳው ሰው ካሳውን ያገኛል ወይስ አያገኝም?

እስክርቢቶ ያላችሁ አቅርቡ። እየነዳችሁ ያላችሁ ግን መስማት ብቻ ይበቃችኋል፤ ዋና ዋናውን እየደጋገምኩ እነግራችኋለሁ።

[አጭር የሙዚቃ ማሸጋገሪያ]

አንዲት እህታችንን እናስብ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ እየነዳች ነው። መብራቱ አረንጓዴ ነው፤ መንገዱ የእሷ ነው። ፍጥነቷ ግን ከተፈቀደው ትንሽ ያልፋል። 35 ማይል በሚባልበት መንገድ 42 ትነዳለች። ከፊት ለፊቷ የሚመጣ ሰው ሳያስተውል ወደ ግራ ታጠፈና ተጋጩ። ክንዷ ተሰበረ። ለወራት ከሥራ ቀረች።

የሆስፒታሉ ወጪ፣ የቀረባት ደመወዝና ሕመሟ ተደምሮ 60 ሺህ ዶላር ሆነ እንበል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ጁሪው ሁሉንም ሰማና እንዲህ አለ፦ «ዋናው ጥፋት የታጠፈው ሰው ነው። ነገር ግን እሷም በልክ ብትነዳ ኖሮ ግጭቱ ላይደርስ ይችል ነበር፤ ከመቶ አሥር እጁ የእሷ ነው።»

እስቲ አስቡት። ይህች እህት ስንት ዶላር ታገኛለች?

[ጥቂት ሰከንድ ዝምታ]

ብዙዎቻችሁ «ከ60 ሺው ላይ የእሷ አሥር ከመቶ ይቀነስና 54 ሺህ ይደርሳታል» እንዳላችሁ እገምታለሁ። ሚዛናዊ አስተሳሰብ ነው። በብዙ አገርም የሚሠራው እንዲሁ ነው።

በቨርጂኒያ ሕግ ግን ይህች እህት ምንም ካሳ አታገኝም። ሃምሳ ሺህም፣ አምስት ሺህም፣ አንድ ዶላርም አይደርሳትም።

ልድገመው። በቨርጂኒያ ተጎጂው ራሱ ለአደጋው መድረስ አስተዋጽኦ ያደረገ ጥፋት ከተገኘበት፣ ጥፋቱ ትንሽም ቢሆን፣ ካሳው ሙሉ በሙሉ ይቀራል። በሜሪላንድም እንዲሁ ነው። በዲሲም ለመኪና አሽከርካሪዎች እንዲሁ ነው፤ ለእግረኞችና ለብስክሌት ነጂዎች ግን ዲሲ የተለየ ነገር አድርጋለች፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

[የሙዚቃ ማሸጋገሪያ]

ይህን ጉዳይ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ለይቼ ማንሳት የፈለግሁበት ምክንያት አለኝ።

እኛ ያደግነው በሽምግልና ነው። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ የሁለቱንም ይሰማል። ከዚያስ ምን ይላል? «አንተም አጥፍተሃል፣ አንተም አጥፍተሃል፤ በሉ ይቅር ተባባሉ» ይላል። ጥፋትን መካፈል ለእኛ የጨዋነት ምልክት ነው። ድርሻውን የሚያምን ሰው ይከበራል፤ «እኔ ምንም አላጠፋሁም» ብሎ ድርቅ የሚል ሰው አይወደድም። ይህ ልማድ ስንት ደም አድርቋል! በዚህ ልማድ እኮራለሁ።

የአገራችን ሕግም ከዚህ አይርቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ጉዳቱ በከፊል በተጎጂው ጥፋት የደረሰ እንደሆነ ተጎጂው ከፊል ካሳ ያገኛል ይላል። ዳኛው የጥፋቶቹን ክብደት እያመዛዘነ ይወስናል። ሁለት መኪኖች ሲጋጩማ አንቀጽ 2084 መነሻው ግልጽ ነው፦ ሌላ ነገር ካልተረጋገጠ በቀር ሁለቱም እኩል እንዳደረሱት ይቆጠርና የእያንዳንዱ መኪና ባለቤት ግማሹን ይሸከማል።

እንግዲህ ይህን ይዘን ነው እዚህ የመጣነው። መንገድ ዳር ቆመን፣ መኪናችን ተጨርምቶ፣ ልባችን እየመታ፣ ከአፋችን የሚወጣው ያው የለመድነው ነው፦ «ምናልባት እኔም ትንሽ ቸኩዬ ነበር።» አዲስ አበባ ላይ ይህ ንግግር የካሳውን መጠን ሊቀንስ ይችላል። አሌክሳንድሪያ ላይ ግን ካሳውን ከነሥሩ ሊነቅለው ይችላል።

[አጭር ዝምታ]

ታዲያ እንዲህ ያለ ሕግ ከየት መጣ?

የተወለደው እንግሊዝ አገር ነው። ዓመቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 1809 ነው። ደርቢ በሚባል ከተማ አንድ ሰው ቤቱን ሲያድስ መንገዱ ላይ ግንድ አጋድሞ ተወ። ሌላው ሰው ከመጠጥ ቤት ወጥቶ፣ ሊመሽ ሲል፣ ፈረሱን እየጋለበ መጣና ግንዱ ላይ ወደቀ፤ ክፉኛ ተጎዳ። ግንዱን ያጋደመው ሰው እንዳጠፋ ግልጽ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን «ጋላቢውም ቢጠነቀቅ ኖሮ ግንዱን ያየው ነበር» ብሎ ካሳ ከለከለው። ያ ፍርድ ውቅያኖስ ተሻግሮ የአሜሪካ ሕግ ሆነ። መኪና ገና አልተሠራም ነበር።

የሚገርመኝ ይህ ነው፦ እንግሊዝ ራሷ በ1945 ይህን ደንብ በሕግ ትታ ካሳን በጥፋት ድርሻ ወደ ማካፈል ዞራለች። አብዛኛው የአሜሪካ ክፍለ ግዛትም ትቶታል። ዛሬ ደንቡን ይዘው የቀሩት ጥቂት ናቸው፦ ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ አላባማ፤ ዲሲም በከፊል። ከዚህ ሁሉ ሰፊ አገር መካከል ሐበሻ በብዛት የሰፈረበት አካባቢ በዚህ ደንብ ሥር መውደቁ ያሳዝነኛል።

ሌላ ከተማ ዘመድ ያላችሁ ምናልባት ትጠይቁኝ ይሆናል፤ በአጭሩ ልንገራችሁ። ሎስ አንጀለስና ሲያትል ያሉት የጥፋት ድርሻቸው ይቀነስባቸውና የቀረውን ያገኛሉ፤ ድርሻቸው ትልቅም ቢሆን። ዳላስ፣ ሚኒያፖሊስና ላስ ቬጋስ ያሉት ጥፋታቸው ከግማሽ እስካላለፈ ድረስ ያገኛሉ። አትላንታና ዴንቨር ያሉት ደግሞ ግማሽ ከደረሰ ያጣሉ። ስለዚህ የአትላንታ የአጎት ልጅ «እኔ እኮ እንዲህ ብዬ ካሳዬን አግኝቻለሁ» ቢላችሁ ውሸት አይደለም፤ ለእናንተ ግን አይሠራም።

[የሙዚቃ ማሸጋገሪያ]

ሜሪላንድ ውስጥ ይህን ደንብ ለማስቀየር ተሞክሯል። ታሪኩን ልንገራችሁ፤ ከመኪና ጋር አይገናኝም፣ ግን የሁላችንንም መኪና ይነካል።

ሃዋርድ ካውንቲ ውስጥ አንድ ወጣት የልጆች እግር ኳስ ቡድን ረዳት አሠልጣኝ ነበር፤ ያለ ክፍያ ነው የሚያገለግለው። ልምምድ ላይ ኳስ ወደ ጎል መታ፤ ኳሱን ሊያመጣ ሄደና ዘሎ የጎሉን አግዳሚ ብረት ያዘ። ጎሉ መሬት ላይ አልታሰረም ነበር። ከነብረቱ ተገለበጠና ፊቱን ሰባበረው።

ጁሪው የእግር ኳስ ማኅበሩ አጥፍቷል አለ። ቀጥሎም ወጣቱም በመንጠልጠሉ አጥፍቷል አለ። ውጤቱን አሁን ታውቁታላችሁ። ምንም አላገኘም።

ጉዳዩ እስከ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሄደ፤ በ2013 ውሳኔ ተሰጠ። አብዛኞቹ ዳኞች «የግዛቱ ምክር ቤት ይህን ደንብ እንዲቀይር ደጋግሞ ተጠይቆ አልቀየረም፤ እኛ አንቀይረውም» አሉ። በልዩነት ሐሳባቸውን ያሰፈሩት ዳኛ ደንቡን ከምድር ከጠፉት ዳይኖሰሮች ጋር አነጻጽረው በብርቱ ተቃውመዋል። እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ። ሆኖም ሕጉ ሕግ ሆኖ ቀርቷል፤ ዛሬም ሲልቨር ስፕሪንግና ታኮማ ፓርክ ላይ የሚሠራው እሱ ነው።

ዲሲስ? የዲሲ ምክር ቤት በ2016 አንድ ሕግ አወጣ። በሕጉ መሠረት እግረኛ ወይም ብስክሌት ነጂ በመኪና ተገጭቶ ራሱም በከፊል አጥፍቶ ቢገኝ፣ የእሱ ጥፋት ከተከሳሾቹ ጥፋት እስካልበለጠ ድረስ ካሳ የመጠየቅ መብቱ አይጠፋም። ኋላም ስኩተርና መሰል ነገሮችን የሚጠቀሙ ተጨምረዋል። መኪና ውስጥ ያለው አሽከርካሪ ግን በአሮጌው ደንብ እንደታሰረ ነው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በአንድ መንገድ ላሳያችሁ። ጆርጂያ አቬኑን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከዲሲ ተነስቶ ወደ ሰሜን ይወጣና ኢስተርን አቬኑን ሲሻገር ሲልቨር ስፕሪንግ ይሆናል። መንገዱ አንድ ነው፤ ሕጉ ግን እዚያች መገናኛ ላይ ይቀየራል።

አንዲት እናት ማምሻውን ከአውቶቡስ ወርደው፣ ዜብራው ራቅ ስላለባቸው፣ መካከል ላይ ተሻገሩ እንበል። ስልኩን እያየ የሚነዳ ሰው ገጫቸው። ከኢስተርን አቬኑ ወደ ዲሲ በኩል ከሆነ ጥያቄው «የማን ጥፋት ይበልጣል?» ነው፤ እኚህ እናት ካሳ የማግኘት ሰፊ ተስፋ አላቸው። ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ በኩል ጥቂት እርምጃ አልፈው ከሆነ ግን ጥያቄው «ትንሽስ አጥፍተዋል ወይ?» ይሆናል። በዚያኛው በኩል ያለ ዜብራ መሻገራቸው ብቻውን ሁሉንም ሊያሳጣቸው ይችላል።

አድማጮቼ፣ ወላጆቻችሁን ከአገር ቤት ያመጣችሁ፣ ይህን ማታ እራት ላይ ንገሯቸው። እባካችሁ በዜብራ ይሻገሩ። ለሕይወታቸው ስንል ነው፤ ለመብታቸውም ጭምር።

[ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል]

እስካሁን ያልኩት ተስፋ አስቆርጧችሁ ይሆናል። «እንግዲያስ ማን ፍጹም ሆኖ ይነዳል? ሁሉም ሰው ትንሽ ያጠፋል፤ ካሳ የሚባል ነገር የለማ!» ያላችሁ አላችሁ?

ቆይ፣ ቆይ። ሁሉም ጥፋት ካሳ አያስቀርም። ይህን በደንብ ያዙልኝ። ካሳ የሚያስቀረው ለአደጋው መድረስ ምክንያት የሆነ ጥፋት ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ቀይ መብራት ላይ ቆማችኋል፤ ከኋላ አንድ ሰው መጥቶ ገጫችሁ። ፖሊስ ሲመጣ የመኪናችሁ ምዝገባ ጊዜው አልፏል፤ በእኛ አባባል ቦሎው አልታደሰም። ይህ ጥፋት ነው፤ ቲኬት ያሰጣል። ግን ቦሎ ስላልታደሰ ነው እንዴ የተገጫችሁት? አይደለም። ስለዚህ ካሳችሁን አይነካም።

አሁን ደግሞ ትንሽ ልቀይረው። ሌሊት ነው፤ እየነዳችሁ ሳለ ፍሬን ያዛችሁ፤ የኋላ የፍሬን መብራታችሁ ግን ተቃጥሎ ኖሮ አልበራም። ከኋላ ያለው ሰው መቆማችሁን አላወቀም፤ ገጫችሁ። እዚህ ላይ የተቃጠለው አምፖል ከአደጋው ጋር በቀጥታ ይገናኛል። የሌላኛው ወገን ኢንሹራንስ ይህን አጥብቆ ይይዘዋል። ጥቂት ዶላር የምታወጣ አምፖል ናት! ዛሬ ማታ ሰው አስቁማችሁ የኋላ መብራታችሁን አስዩ።

ሁለተኛው ነገር፦ አጥፍታችኋል የሚለው ወገን ነው ማስረዳት ያለበት። እናንተ ንጹሕ መሆናችሁን እንድታረጋግጡ አይጠበቅባችሁም። ከሳሹ የሌላውን ጥፋት ያስረዳል፤ ተከሳሹ ደግሞ «ከሳሹም አጥፍቷል» ካለ እሱ ራሱ ማስረጃ ያቀርባል። ማስረጃ ከሌለው ወሬ ነው።

ሦስተኛው ነገር የመጨረሻው ዕድል የሚባለው ነው። ነዳጅ ጨርሳችሁ መኪናችሁ መንገድ መካከል ቆመ እንበል። ጥፋቱ የእናንተ ነው፤ ነዳጅ ማየት ነበረባችሁ። ነገር ግን ሌላው ሹፌር ከሩቅ አይቷችኋል፤ ለመቆም በቂ ጊዜ ነበረው፤ እናንተ ደግሞ ምንም ማድረግ አትችሉም ነበር። እንዲያም ሆኖ ገጫችሁ። አደጋውን የማስቀረት የመጨረሻው ዕድል በእሱ እጅ ስለነበር፣ የእናንተ የቀድሞ ጥፋት ካሳችሁን ላያስቀርባችሁ ይችላል። በቨርጂኒያም፣ በሜሪላንድም፣ በዲሲም ጠበቆች ይህን መከራከሪያ ያነሳሉ።

የደህንነት ቀበቶስ? ብዙ ሰው ቀበቶ ስላላሰረ መብቱ ያለቀ ይመስለዋል። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ሕግ ቀበቶ አለማሰር እንደ ተጎጂው ጥፋት ተቆጥሮ ካሳ አያስከለክልም። ቀበቶውን እሰሩ፤ ሕይወት ያተርፋል። ሳታስሩ ተጎድታችሁ ከሆነ ግን «አበቃልኝ» ብላችሁ አትተዉት።

[የሙዚቃ ማሸጋገሪያ]

አሁን ወደ መንገዱ ዳር እንመለስ። ግጭቱ አሁን ደርሷል፤ መስታወት ፈስሷል፤ ከመኪና ወርዳችኋል። ምን ትላላችሁ?

መጀመሪያ ሰው ጠይቁ። «ተጎዳህ ወይ? አምቡላንስ ልጥራልህ?» ይህ ሰብአዊነት ነው፤ ማንም አይከለክላችሁም። 911 ደውሉ። ከአደጋው ቦታ አትሂዱ።

ከዚያ በኋላ ግን አንደበታችሁን ጠብቁ። ሦስት አባባሎች አሉ፤ ከአፋችን በቀላሉ የሚያመልጡ። አንዱ «አይ አም ሶሪ» ነው። ለእኛ ማዘን ነው፤ አጠገባችሁ ላለው ሰው ግን ጥፋትን እንደማመን ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። ሁለተኛው «አላየሁትም» ነው። በእውነት ሌላው ሰው ከማይታይበት በኩል መጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ግን «መንገዱን አያይም ነበር» ተብሎ ይነበባል። ሦስተኛው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው። አንገታችን እያመመን እንኳን ደህና ነኝ ማለት ልማዳችን ነው። አንገትና ወገብ ግን አንዳንዴ በማግስቱ ነው የሚነሳው። ከዚያ በኋላ «ያን ዕለት ደህና ነኝ ብለህ አልነበረም?» ይባላል።

ዋሹ እያልኩ እንዳልሆነ ይሰማልኝ። ለፖሊስ እውነቱን ንገሩ፤ ያያችሁትን፣ ከየት ወደ የት ትሄዱ እንደነበር፣ መብራቱ ምን እንደነበር። የሆነውን መናገር አንድ ነገር ነው፤ በራስ ላይ መፍረድ ግን ሌላ ነገር ነው። እናንተ የሌላውን ሰው ፍጥነት አታውቁም፤ ስልክ ይዞ እንደነበር አታውቁም፤ ጠጥቶ እንደነበር አታውቁም። ታዲያ የጥፋቱን ድርሻ በምን አውቃችሁ ታካፍላላችሁ?

በእንግሊዝኛ መናገር ከከበዳችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። ዲሲ ውስጥ በ2004 የወጣ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አለ፤ አማርኛም አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። የደነገጠ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት።

ቀጥሎ ስልክ ይደወላል። ብዙ ጊዜ ቀን ሁለት ቀን አይቆይም። ደዋዩ የሌላኛው ሰው ኢንሹራንስ ሠራተኛ ነው፤ አጀስተር የምንለው። ድምፁ ለስላሳ ነው፣ ጤናችሁን ይጠይቃል። ከዚያም «ቃልዎን ብቀዳ ይፈቅዳሉ?» ይላል።

ልጠይቃችሁ፦ እሺ የማለት ግዴታ አለባችሁ?

[አጭር ዝምታ]

የለባችሁም። ለሌላኛው ወገን ኢንሹራንስ የሚቀዳ ቃል የመስጠት ግዴታ የለባችሁም። ለራሳችሁ ኢንሹራንስ ግን ማሳወቅና መተባበር አለባችሁ፤ ውላችሁ ያስገድዳችኋል። ሁለቱን አታደበላልቁ። ደግሜ ልበለው፦ ከራሳችሁ ኢንሹራንስ ጋር ተባበሩ፤ የሌላው ሲደውል «ከጠበቃ ጋር ተነጋግሬ እመለስበታለሁ» በሉና በትሕትና ዝጉት።

አጀስተሩ የሚፈልገው ያችን አንዲት ቃል ነው። ሬዲዮ እየነካካችሁ ነበር? ቸኩላችሁ ነበር? በኡበር የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ አፑ ላይ ጥሪ ሲመጣ አይታችሁ ነበር? ቨርጂኒያ ከ2021 ጀምሮ እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝን ከልክላለች፤ ዲሲና ሜሪላንድ ደግሞ ከዚያ በፊት ነው የከለከሉት። ስልክ በእጃችሁ እንደነበር አንዴ ካመናችሁ፣ ቀሪው ክርክር ከባድ ነው። ብዙው ጉዳይ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በድርድር ያልቃል፤ በድርድሩ ላይም «ጁሪ ፊት ብንቀርብ ምንም አታገኝም» የሚለው ማስፈራሪያ ዋጋችሁን ይቆርጠዋል።

ቲኬት ከተሰጣችሁም ቶሎ ብላችሁ ከፍላችሁ ለመገላገል አትቸኩሉ። በቨርጂኒያ ትራፊክ ፍርድ ቤት ቀርቦ «ጥፋተኛ ነኝ» ማለት በኋላ በካሳው ክስ ላይ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። ከመክፈላችሁ በፊት ጠበቃ ጠይቁ። የአደጋ ካሳ ጠበቆች በአብዛኛው የሚከፈላቸው ካሳው ሲገኝ ከዚያው ላይ ነው፤ የመጀመሪያውን ምክር በነጻ የሚሰጡም ብዙ ናቸው። የእኛ ዝግጅት አጠቃላይ ትምህርት ነው፤ የራሳችሁን ጉዳይ ሰነዱን አይቶ የሚመክራችሁ እሱ ነው።

ፎቶ አንሱ። መኪኖቹ ሳይነሱ፣ መብራቱን፣ የመንገዱን ምልክት፣ የፍሬኑን ጭረት። ያየ ሰው ካለ ስሙንና ስልኩን ተቀበሉ፤ ምስክር ሄደ ማለት ሄደ ነው። አጠገባችሁ ያለው ሱቅ ወይም ነዳጅ ማደያ ካሜራ እንዳለውም ቀና ብላችሁ ተመልከቱ፤ ቅጂው ሳይጠፋ ቶሎ መጠየቅ አለበት። የአንድ ከመቶ ጥፋት ክርክር የሚረታው በእንዲህ ያለ ነገር ነው።

[የሙዚቃ ማሸጋገሪያ]

አንድ የቀረኝ ትልቅ ጉዳይ አለ፤ የተሳፋሪ ጉዳይ።

ከሠርግ እየተመለሳችሁ ነው። የጓደኛችሁ መኪና ውስጥ ከኋላ ተቀምጣችኋል። ጓደኛችሁ ጥሩ ሰው ነው፤ ከቤታችሁ ድረስ ሊያደርሳችሁ ነው። ፍሬቻ ሳያሳይ ሌን ሲቀይር በፍጥነት ከሚመጣ ሌላ መኪና ጋር ተጋጨ። ሁለቱም ሹፌሮች አጥፍተዋል። እናንተ እግራችሁ ተሰበረ።

ሁለቱ ሹፌሮች አንዱ ከሌላው ካሳ ላያገኙ ይችላሉ። እናንተስ?

እናንተ ምንም አላጠፋችሁም። የሹፌሩ ጥፋት በተሳፋሪው ላይ አይቆጠርም። ስለዚህ ከሁለቱም ሹፌሮች ኢንሹራንስ መጠየቅ ትችላላችሁ። ዋናው አደገኛ ነገር ሹፌሩ መጠጣቱን እያወቃችሁ የገባችሁ እንደሆነ ነው፤ ያኔ «አደጋውን እያወቀ ገባ» የሚል ክርክር ይነሳባችኋል።

እዚህ ላይ ግን ይሉኝታ ይመጣል። «ወዳጄን ልክሰስ? ሊሸኘኝ ወጥቶ? ሰው ምን ይለኛል?» እየተባለ ስንት ሰው ዕዳውን ተሸክሞ ይቀራል! ቤተሰብ ዘንድም እንዲሁ ነው፤ እህት በወንድሟ መኪና ተጎድታ ዝም ትላለች።

ወገኖቼ፣ ገንዘቡን የሚከፍለው በአብዛኛው ኢንሹራንሱ ነው። ወዳጃችሁ በየወሩ ሲከፍል የኖረው ለዚህ ቀን ነው፤ እሱ ያደረሰው ጉዳት በእናንተ ላይ ዕዳ ሆኖ እንዳይቀር። አስቀድማችሁ አነጋግሩት። «በአንተ አልተቀየምኩም፤ ኢንሹራንስህ ሕክምናዬን እንዲሸፍን ነው» በሉት። እውነተኛ ወዳጅ ከሆነ የፖሊሲ ቁጥሩን ራሱ ያመጣላችኋል። ሹፌር ሆናችሁ ተሳፋሪያችሁ የተጎዳባችሁም «ጠይቂ፣ እኔን አትፍሪ» ብላችሁ ቅደሟቸው። ሽምግልናችን ለዚህ ለዚህ ቢውል ደስ ይለኛል፤ ሽማግሌ ሄዶ ወዳጅን ከወዳጅ ያግባባ፣ ካሳውን ግን አያስቀር።

ልጆችንም ልጨምር። በቨርጂኒያ ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጥፋት ሊቆጠርበት አይችልም። ኳስ ተከትሎ መንገድ የገባ የስድስት ዓመት ልጅ ቢገጭ፣ «ልጁም አጥፍቷል» ብሎ መከራከር አይቻልም። ከ7 እስከ 14 ያሉትም ጥፋት መለየት እንደማይችሉ ይገመታል፤ ተቃራኒውን ማስረዳት የተከሳሹ ሸክም ነው። ይህን የማያውቁ ወላጆች «የልጄ ጥፋት ነው» ብለው ሲተዉት ያሳዝናል።

ሜሪላንድ ያላችሁ ደግሞ የኢንሹራንስ ወረቀታችሁን አውጡና «ፒ አይ ፒ» የሚል እንዳለበት ተመልከቱ። ይህ ሽፋን ማን አጠፋ ሳይባል ሕክምናንና የቀረ ደመወዝን ይከፍላል፤ ዝቅተኛው 2,500 ዶላር ነው። ኢንሹራንስ ስትገዙ ርካሽ እንዲሆንላችሁ ብላችሁ በፊርማችሁ ትታችሁት ሊሆን ይችላል። ትንሽ ጥፋት ካሳን በሚያጠፋ ደንብ ሥር ለምንኖር ሰዎች፣ ጥፋት የማይጠይቅ ገንዘብ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። በሚቀጥለው እድሳት መልሱት።

[ሙዚቃ ከሥር ይጀምራል]

ሰዓታችን እያለቀ ስለሆነ ጊዜ ገደቡን ጻፉልኝ። ለአካል ጉዳት ክስ ለመመሥረት በቨርጂኒያ ያላችሁ 2 ዓመት ነው። በሜሪላንድ 3 ዓመት፣ በዲሲም 3 ዓመት። አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው ከአደጋው ቀን ጀምሮ ነው። የገጫችሁ የዲሲ መንግሥት መኪና ከሆነ ግን አትዘናጉ፤ በ6 ወር ውስጥ ለከተማው በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ካለፈ በኋላ ጥፋቱ የማንም ቢሆን አይሰማችሁም። ቨርጂኒያ 2፣ ሜሪላንድ 3፣ ዲሲ 3፣ ለዲሲ መንግሥት መኪና ማሳወቂያው 6 ወር።

ጥያቄ ያላችሁ በተለመደው መስመራችን ድምፃችሁን አስቀምጡልን፤ አደጋው የደረሰበትን ከተማና መንገድ መጥቀስ አትርሱ፤ መልሱ በእሱ ይለያያልና። በሚቀጥለው ሳምንት፣ የገጫችሁ ሰው ጭራሽ ኢንሹራንስ የሌለው ሆኖ ሲገኝ የራሳችሁ ፖሊሲ እንዴት እንደሚደርስላችሁ እንነጋገራለን። ደህና አምሹ፤ በሰላም ንዱ።

[የመዝጊያ ሙዚቃ]